የተሰረዙ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን አቅም ማወዳደር፦ ኬንያና ግብፅ

ሳይሠራ የቀረ ማመንጫ ቆጣሪ የለውም። ስለዚህ ከመደመር በፊት «ቀረ» የሚባለው መቼ እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነው።

1. የኃይል ፕሮጀክቶችን የሚከታተለው ድርጅት ግሎባል ኢነርጂ ሞኒተር 30 ሜጋ ዋትና ከዚያ በላይ የሆኑ የከሰል ዩኒቶችን (በአንድ ማመንጫ ውስጥ ለየብቻ ኃይል የሚያመነጩ ክፍሎችን) የሚመዘግብበት የኤክሴል ፋይል አለው፤ አጭር ቅጽ ለሞላ በነፃ ይሰጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚታደስ ለሁለቱም አገሮች አንድ እትም ይጠቀሙ። ከዜና ዘገባ ቁጥር እየለቀሙ መደመር አቋራጭ ቢመስልም አይመከርም።

2. በአገር ያጣሩ። አንድ ረድፍ አንድ ዩኒት እንጂ አንድ ማመንጫ አይደለም። ኬንያ ላሙ ላይ የታሰበው ማመንጫ ባለ 350 ሜጋ ዋት ሦስት ዩኒቶች ነበሩት፤ ረድፎቹን ቆጥሮ «ሦስት ፕሮጀክት ተሰረዘ» ማለት ስህተት ነው።

3. አሁን የሁኔታውን ዓምድ ይመልከቱ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። መዝገቡ የተሰረዘን፣ ለጊዜው የቆመንና አገልግሎቱን ጨርሶ የተዘጋን ይለያል። የመጨረሻው ሠርቶ ስለነበር ከዚህ ስሌት ይወጣል። ለሁለት ዓመት እንቅስቃሴ ያልታየበት ዕቅድ «የቆመ»፣ ለአራት ዓመት ያልታየበት ደግሞ «የተሰረዘ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ማንም መሰረዙን ባያስታውቅም። ስለዚህ ድምሩ ውስጥ በይፋ የተሰረዘውም፣ በዝምታ የሞተውም አለ።

ላሙን እንይ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ጉዳዮች ችሎት የሰረዘው የአካባቢ ፈቃዱን ነው። ኩባንያው ይግባኝ ስላለ ፕሮጀክቱ ያን ዕለት አልሞተም። በግብፅ በኩል ቀይ ባሕር ዳር ሊሠራ የነበረው የሐምራዊን ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2020 ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ ተባለ። አንዱ ጋ ፈቃድ ተሰረዘ፣ ሌላው ጋ ዕቅድ ተራዘመ፤ ጋዜጣ ላይ ግን ሁለቱም «ተሰረዘ» ናቸው። ሁለት ድምር ይሥሩ፦ የተሰረዘ ብቻ፣ እንዲሁም የተሰረዘና የቆመ አንድ ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ለአንባቢ ሁለቱንም ያሳዩ።

4. ጠቅላላና የተጣራ አቅምን አይቀላቅሉ። ማመንጫው ለራሱ ፓምፕ፣ ለከሰል መፍጫና ለማራገቢያ የሚወስደው ኃይል ሲቀነስ የላሙ 1,050 ሜጋ ዋት ወደ 981.5 ይወርዳል። ሐምራዊንም አንዴ 6,000 አንዴ 6,600 ሜጋ ዋት እየተባለ ተዘግቧል። 6,000ን ለ1,050 ካካፈሉ 5.7 እጥፍ፣ 6,600ን ለ981.5 ካካፈሉ 6.7 እጥፍ ይመጣል፤ ፕሮጀክቶቹ ግን እነዚያው ናቸው። የመዝገቡን ጠቅላላ አቅም ለሁለቱም ይውሰዱ።

5. ድምሩን ከአገሩ የኃይል መጠን ጋር ያመዛዝኑ። ሐምራዊን ብቻውን በሜጋ ዋት ከሕዳሴ ግድብ 5,150 ይበልጣል፤ ለግብፅ ግን በወቅቱ ከ30,000 ሜጋ ዋት በላይ ከነበረው ከፍተኛ ፍላጎት (በአንድ ጊዜ ከተፈለገው ትልቁ ኃይል) አንድ አምስተኛ ገደማ ነበር። የኬንያ ከፍተኛ ፍላጎት ያኔ 1,900 ሜጋ ዋት አካባቢ ስለነበር ላሙ ብቻውን ከግማሽ በላዩን ይሸፍናል። በሜጋ ዋት ግብፅ ትበልጣለች፤ ከከፍተኛ ፍላጎት አንፃር ሲታይ ግን ለኬንያ የላሙ መቅረት የከበደ ነው። ማካፈያውን ለሁለቱም አገሮች አንድ ዓይነት ያድርጉ፤ አንዱን በተተከለ አቅም፣ ሌላውን በከፍተኛ ፍላጎት ማካፈል ውጤቱን ያዛባል።

«ከተሠራው አንፃር ስንት ተሰረዘ» የሚለው የተለመደ ስሌት እዚህ አይሠራም። ሁለቱም አገሮች ለሕዝብ መስመር ኃይል የሚሰጥ የከሰል ማመንጫ ስለሌላቸው ማካፈያው ዜሮ ይሆንና ኤክሴል ስህተት ያሳያል። ለህንድ ወይም ለቱርክ ያስቀምጡት።

6. ተደጋጋሚ ረድፎችን ይፈልጉ፦ ተሰርዞ በሌላ ባለቤት ስም የተመለሰ ዕቅድ ሁለቴ ይደመራል። ስሙን ሳይሆን ቦታውን ያመሳክሩ። ከዚያ ከሰንጠረዡ ሥር የእትሙን ወር፣ የተጠቀሙበትን የአቅም ዓይነትና የቆሙት መካተት አለመካተታቸውን ይጻፉ።