ወፍራሟ ዶሮ በድንገት ስትሞት፤ ሴቷን የሚመርጠው የጉበት ችግርና መፍትሔው

ምልክቱ፦ በደንብ ስትጥል የነበረች ወፍራም ዶሮ ማታ በልታ ጠዋት ሞታ ትገኛለች፤ በአናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጥቷል፤ አብረዋት የሚውሉት አውራዎች ግን ደህና ናቸው። ብዙ አርቢ ይህን ሲያይ ፈንግል ነው ብሎ ክትባት ይደግማል። የኑግ ፋጉሎ ሲወደድበት በበቆሎና በፉርሽካ የተካ አንድ አርቢ ሁለቴ አስከትቦ፣ አንቲባዮቲክም ጨምሮ፣ ዶሮዎቹ መሞታቸውን ሲቀጥሉ ክትባቱን ይራገም ነበር፤ ከሞቱት አንዷን እንኳ አልከፈተም።

ሲከፈት ሆዷ በስብ ተሞልቶ፣ የረጋ ደም ጉበቷን ሸፍኖት ይታያል። ጉበቱ ያበጠና ቢጫ ነው፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ቅቤ ይፈርሳል። ሊወጣ የደረሰ እንቁላልም ብዙ ጊዜ ከውስጧ ይገኛል።

ምክንያቱ፦ ዶሮ ስቧን በዋናነት የምትሠራው በጉበቷ ሲሆን፣ መጣል ስትጀምር ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ጉበቷ ለአስኳል የሚሆን ስብ በብዛት እንዲያመርት ያደርገዋል። በቆሎው በዝቶ፣ ስቡ ከጉበት እንዲወጣ የሚረዱት ፕሮቲን፣ ሜታዮኒን (የፕሮቲን አካል) እና ኮሊን (ቫይታሚን መሰል ንጥረ ነገር) ሲያንሱ ስቡ እዚያው ይከማቻል፤ ጉበቱም ተሰንጥቆ ይደማል። አውራ ዶሮም ኢስትሮጅን ሲሰጠው ጉበቱ በስብ እንደሚሞላ በሙከራ ታይቷል። በፈረንሳይ ለጉበታቸው ሲባል በቆሎ የሚጋቱት ዳክዬዎች ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትልቁ ጉበት የወንዱ ነው።

ይህ ችግር ሴቷን ዶሮ ስለሚመርጥ፣ የሞተ አውራ ካለ እርሱም ይከፈት። የእርሱም ጉበት ቢጫ ከሆነ በሻገተ በቆሎ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይጠርጠርና መኖው ሙሉ በሙሉ ይወገድ። ለዳክዬ ጫጩት ከቶ አይሰጥ፤ ይህን መርዝ ከዶሮ እጅግ ያነሰ ትቋቋማለች። ጉበቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ የነሐስ መልክ ካለው የዶሮ ታይፎይድ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይጠራ።

መፍትሔው፦ በቆሎው ተቀንሶ ፋጉሎና አኩሪ አተር ይመለሱ፤ የመኖው ፕሮቲን ከ16 እስከ 17 በመቶ ይድረስ። በአንድ ቶን መኖ 1 ኪሎ ግራም ያህል ኮሊን ክሎራይድ፣ ከቫይታሚን ኢ ጋር ይጨመር። ዶሮዎቹን ማስራብ መፍትሔ አይደለም፤ መጣል ያቆማሉ። በየሳምንቱ ጥቂቶቹ ይመዘኑ፤ ክብደት ከሞት ቀድሞ ይናገራል። ኮሊን እርጥበት ስለሚስብና ቫይታሚኖችን ስለሚያበላሽ ከፕሪሚክስ (መኖ ላይ ከሚጨመረው የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) ጋር ተቀላቅሎ አይከማች፤ ለየብቻ ተቀምጠው መኖው በሚዘጋጅበት ዕለት ይቀላቀሉ። ተጓጉሎ ድንጋይ የሆነ ፕሪሚክስ እንዳይገዛ፣ ሂሳቡ ከመከፈሉ በፊት ከረጢቱ በእጅ ይዳሰስ።