የዓሣ ሽልን ጂኖች በብርሃን ሲቆጣጠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዚብራ ዓሣ ሽሎች ላይ ጂኖችን በብርሃን የሚያስነሱ ጀማሪዎች ሙከራው ሲበላሽባቸው የሚወቅሱት መሣሪያውን፣ ማለትም ለብርሃን ምላሽ የሚሰጠውን ፕሮቲን ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሽሎቹ በእርግጥ ጨለማ ውስጥ ስለመቆየታቸው ነው።

ከባክቴሪያ የተወሰደው ኢኤል222 የተባለ ፕሮቲን፣ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ጥንድ እየሆነ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል፤ አብሮት የተቀጠለው አንቀሳቃሽ ክፍልም የተፈለገውን ጂን ያስነሳል። ነጭ ኤልኢዲ ለዓይን ነጭ ይምሰል እንጂ መነሻው ይኸው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሳህኑን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሎ 28.5 ዲግሪ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ፣ የሞቱትን ሽሎች ለመልቀም ፎይሉን ገልጦ ማይክሮስኮፑ ሥር ነጩን መብራት ሲያበራ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ያም አልበቃ ብሎ፣ የፕሮቲኑ ኤምአርኤንኤ (ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራበት የጂን መልእክት) በመርፌ ከተሰጣቸው ሽሎች መካከል መርፌው የያዘላቸውን ለመለየት አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲናቸውን በሰማያዊ ብርሃን አንድ በአንድ ይመረምራል። በማግስቱ «ጂኑ ጨለማ ውስጥም ይሠራል» ብሎ ይመዘግባል። የቱ ጨለማ? ለቀማው በቀይ መብራት፣ መለያውም እንደ ኤምቼሪ ባለ ቀይ አብሪ ፕሮቲን ይሁን።

ሁለተኛው ስህተት መርፌ ያልተወጉ ሽሎችን ብርሃን ላይ አለማስቀመጥ ነው። የዚብራ ዓሣ ሕዋሳት በራሳቸው ብርሃን ይለያሉ፤ የቀንና የሌሊት ዑደትን ከሚመሩት ጂኖች አንዱ የሆነው ፐር2 ያለ ምንም መሣሪያ በብርሃን ይጨምራል። ስለዚህ የተወጉትም ያልተወጉትም በብርሃንም በጨለማም መታየት አለባቸው።

ኃይለኛ ብርሃንን ያለማቋረጥ መልቀቅ ሽሎቹን ይጎዳል፣ ውኃውንም ያሞቃል። የኢኤል222 ጥንድ ጨለማ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚለያይ፣ አጫጭር ብልጭታዎችን በአጭር ልዩነት መስጠት ይሻላል። ሙቀቱም የሚለካው ሳህኑ ውስጥ ነው፤ የሞቀ ሽል ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ ንጽጽሩ በሰዓት ሳይሆን በእድገት ደረጃ ይደረግ።

ከተዳቀለ 3 ሰዓት ገደማ ያልሞላው ሽል በአብዛኛው የሚኖረው እናቲቱ በእንቁላሉ ውስጥ በተወችለት ኤምአርኤንኤ እንጂ በራሱ ጂኖች ስላልሆነ፣ ከዚያ በፊት አብርቶ ውጤት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ኤምአርኤንኤ አብዝቶ መውጋትም የተበላሹ ሽሎችን እንጂ የተሻለ ውጤት አያመጣም።

በብርሃን የተነሳው ጂን የሠራው አብሪ ፕሮቲን ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ጂኑ መቆሙን ለማወቅ መለካት ያለበት ኤምአርኤንኤው ነው።