ፔፐሩ ወጥቶ የሚጠቅሰው ሲጠፋ፦ የጂኦኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ፔፐሬ ወጣ፤ ግን ሳይት የሚያደርገው (የሚጠቅሰው) የለም።» ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የድንጋይና የውሃ ኬሚስትሪ ከሚሠሩ ወጣት መምህራን ይህን ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። ወሎ ለዚህ ሙያ የታደለች ናት። ተራሮቿ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ ቅላጭ በተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ) የተሠሩ ናቸው። ደላንታ ኦፓል አለ፤ ሐይቅና አርዲቦ የዘመናት ደለል ይዘዋል። የሚጻፍ ጠፍቶ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሥራው የማይጠቀሰው ሌላው ተመራማሪ ስላላገኘው ወይም ቢያገኘውም ሊጠቀምበት ስላልቻለ ነው።

ስምን በየፔፐሩ መቀያየር። ወሎ ውስጥ ሰይድ መሐመድ የሚባል ስንት ሰው አለ! በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሰይድም መሐመድም ብዙ መልክ አላቸው። የውጭዎቹ የመረጃ ቋቶች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙታል። በዚህ መሀል አንዱ ተመራማሪ ሦስት ሰው ሆኖ ይመዘገባል፤ ወይም የሌላ ሰው ሥራ እሱ ስም ውስጥ ይገባል። አንድ አጻጻፍ ምረጡና በእሱ ጽኑ። ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥርም አውጡ፤ ከ2012 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል።

ግራፉን አሳይቶ ቁጥሩን ማስቀረት። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከደላንታዋ ወገል ጤና መንገድ ዳር የተወሰደ አንድ ባዛልት እናስብ። ሳምፕሉ ውጭ አገር ላብ ተልኮ በዶላር ተከፍሎበታል። ፔፐሩ ላይ ግን ግራፍ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የሰሜን ኢትዮጵያ ባዛልቶች ዋነኛ መለያ የቲታኒየም መጠናቸው ነው፤ ወደ ላሊበላ በኩል ያሉት ከፍተኛ፣ ወደ ምዕራብ ያሉት ዝቅተኛ ናቸው። የእናንተን ድንጋይ ከሌላው ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ትክክለኛውን ቁጥር ካላገኘ ትቶት ያልፋል።

ስለዚህ ሙሉ ሰንጠረዡን አያይዙ። የጂፒኤስ ነጥቡን፣ ድንጋዩ ምን ያህል እንደበሰበሰ፣ በምን እንደተፈጨ ጻፉ። በተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ የተፈጨ ሳምፕል ተንግስተንና ኮባልት ይጨመርበታል፤ አንባቢው ይህን ማወቅ አለበት። አብሮ የተለካው ስታንዳርድ (ይዘቱ አስቀድሞ የታወቀ ማነጻጸሪያ ሳምፕል)፣ ለምሳሌ የሃዋይ ባዛልት የሆነው ቢኤችቪኦ-2፣ ስንት እንዳሳየም አስፍሩ። እንዲህ የተሟላ መረጃ ጂኦሮክን ወደመሰሉ የድንጋይ ኬሚስትሪ መረጃ ቋቶች ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ከዓመታት በኋላም ቢሆን የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል።

ለዕድገት ሲባል የተገኘው ጆርናል ላይ ማውጣት። «ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምርና በሳምንት ውስጥ እናትማለን የሚል ኢሜይል ሲመጣ ጠርጥሩ። ድንጋዩን የሚያውቅ ሰው በሳምንት ውስጥ አንብቦ፣ ጠይቆ፣ አሳርሞ አይጨርስም። ደግሞም ጆርናሉ ነገ ድረ ገጹን ከዘጋ የዓመታት ልፋት አብሮ ይጠፋል።

የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር የራስ ማዕረግ ማድረግ። ቁጥሩ የጆርናሉ ፔፐሮች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ እንጂ የእናንተ ፔፐር ውጤት አይደለም። ደግሞም የተለመደው ስሌት ያለፉትን ሁለት ዓመታት ኅትመቶች ብቻ ነው የሚያየው። የእኛ ሙያ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የድሮ ጥሩ ትንተና ዛሬም ይጠቀሳል።

በኤች-ኢንዴክስ ሰውን ከሰው ማበላለጥ። ይህን መለኪያ የፊዚክስ ሊቁ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ነው፤ ከአንድ ሰው ፔፐሮች ስንቱ ቢያንስ ያንኑ ያህል ጊዜ እንደተጠቀሱ ይቆጥራል። አንድ ሰው 40፣ 18፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3 ጊዜ የተጠቀሱ ስድስት ፔፐሮች ቢኖሩት ኤች-ኢንዴክሱ 5 ነው፤ አምስቱ ቢያንስ አምስት አምስት ጊዜ ተጠቅሰዋልና። የመጀመሪያው 400 ጊዜ ቢጠቀስም ያው 5 ነው። አዲስ መምህርን ከአንጋፋ፣ ጂኦኬሚስትን ከሐኪም ጋር በዚህ መለካት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቁጥሩ ከየት እንደተወሰደም ይነገር፤ ጎግል ስኮላር ቴሲስና ሪፖርት ጭምር ስለሚቆጥር ብዙውን ጊዜ የተመረጡ ኅትመቶችን ብቻ ከሚይዘው የስኮፐስ ቋት ይበልጣል።

«ጥቀሰኝ ልጥቀስህ» መባባል። ይታወቃል፤ ያሳፍራልም።

ውጤቱን ለአገሬው አለመንገር። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ለዮሌና ወርቃ በሚባሉት ወንዞች አድርጎ ቦርከና ይገባል። እዚያ ክሮሚየም የሚባለውን ብረት የለካ ተመራማሪ የጻፈውን በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ በእንግሊዝኛ አያነበውም። ይህ ጥቅም የትኛውም የሳይቴሽን ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፉና ለከተማው የውሃና የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች ስጡ። የት እንደተለካ፣ በክረምት ይሁን በበጋ፣ መጠኑ ከሚፈቀደው በስንት እንደሚበልጥ፣ የትኛው ውሃ ለመስኖ እንደማይሆን በግልጽ ይኑርበት።