አበባ ዛሬውኑ ስትልኩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ጠዋት ታዝዞ ሳይመሽ የሚደርስ አበባ ብዙ ሠርቻለሁ። ሳይደርስ የተመለሰልኝም ብዙ ነው። የአብዛኛው ምክንያት አንድ ነው፤ የተቀባዩ ስልክ አልተሰጠንም።

ደንበኛው ይደውላል። የአበባውን ቀለም መርጧል፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈውንም አዘጋጅቷል። ስልኳን ስጠይቀው ግን «ሰርፕራይዝ ነው፣ እንዳትደውሉላት» ይለኛል። እሺ፣ ይገባኛል። ግን ሾፌሩ በሩ ላይ ደርሶ ሰው ካጣ ምን ያድርግ? አንድ ቀን ነጭ ሃይድራንጂያ የበዛበት ትልቅ እቅፍ ወደ አንዲት ሴት መሥሪያ ቤት ላክን። አድራሻው ትክክል ነው፣ ስሟም ትክክል ነው። እሷ ግን ያን ቀን ፈቃድ ወስዳ ቤቷ ነበረች። ላኪው ስብሰባ ገብቶ ስልኩን ዘግቷል። አበባው መኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆየ። ሃይድራንጂያ ደግሞ ውሃ ካጣና ከሞቀው ወዲያው አንገቱን ይደፋል። ሲመለስ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ነበር። ራስ ራሱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረን ጥቂቱን አዳንን። የቀረውን በካርኔሽን ተክተን በማግስቱ ላክንላት። ልደቷ ግን ትናንት ነበር።

እባካችሁ ስልኩን ስጡ። ስንደውል «ዕቃ ይዘንልዎት ነበር፣ የት እናግኝዎት?» ብቻ ነው የምንለው። ማን እንደላከው አንናገርም። አበባው በር ላይ ሲታይ የሚመጣውን ደስታ አንድ ስልክ አይቀንሰውም። ፎቅ፣ የበር ቁጥር፣ ዘበኛው የሚያውቀው ስም ካለ እሱንም ጨምሩ።

ሌላው «ልክ እንደ ፎቶው ይሁን» የሚለው ነው። ለዛሬ ስታዙ የምንሠራው ዛሬ ባልዲያችን ውስጥ ባለው አበባ ነው። ፎቶው ላይ ያለው አበባ ዛሬ ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም ገና እምቡጥ ሊሆን ይችላል። ቀለሙን፣ ለምን እንደሆነና በጀታችሁን ንገሩን፣ ምርጫውን ለእኛ ተዉልን። የማይለወጥ ነገር ካለ ግን እሱን አስቀድማችሁ ተናገሩ። አንድ ሰው «ምንም ይሁን፣ ቢጫ ጽጌረዳ ብቻ አይጥፋበት፤ እናቷ የምትወደው እሱን ነበር» አለኝ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ ሥራዬን ይበልጥ እወደዋለሁ።

ከእኩለ ቀን በኋላ ደውሎ ለዛሬ መጠየቅም አለ። እቅፉን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ይበቃናል፤ ሾፌሩ ግን መንገዱን ደልድሎ ወጥቷል። በፍቅረኞች ቀንና በእናቶች ቀንማ ከቀናት በፊት እዘዙ።

ሆስፒታል ስትልኩ መጀመሪያ ክፍሉን ጠይቁ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አበባ አያስገባም።

ሊሊ ድመት ላለበት ቤት አይላክም። ይህን እኔም ተሳስቼበታለሁ። ሥራውን እንደጀመርኩ ሮዝ ጽጌረዳ አለቀብኝና ሳልጠይቅ በሊሊ ተካሁት። ተቀባይዋ ደወለችልኝ። ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ አበባውን ስታሸት ነበር የደረሰችባት። ድመት ፀጉሯ ላይ የነካውን የሊሊ ብናኝ እንኳ ብትልስ ኩላሊቷ ሊጎዳ ይችላል። ደግነቱ ያቺ አልነካችውም። ከዚያ ወዲህ ሊሊ ከመጨመሬ በፊት «ቤት ውስጥ ድመት አለ?» ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም። ባልጠይቃችሁም ንገሩኝ።

ኢንተርኔት ላይ የሰፈር ሱቅ መስሎ የሚታይ ሁሉ ሱቅ አይደለም። አንዳንዱ ትእዛዙን ተቀብሎ የራሱን ድርሻ ቆርጦ ለእኛ የሚያስተላልፍ ደላላ ነው፤ የተቆረጠው ገንዘብ ከእቅፉ ላይ ይጎድላል። ደውላችሁ «ዛሬ ምን ምን አበባ ገብቷል?» በሉ። ሱቅ ያለው ሰው ወዲያው ይነግራችኋል።

ካርዱ ላይ ስማችሁን ጻፉ። «ያንተው» ብቻ ብላችሁ አትተዉት።

አበባው ከደረሰ በኋላም ለተቀባዩ ይህን ንገሩልን። ግንዱን ጫፉ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ሰያፍ አድርጎ ይቁረጥ፤ ውሃ ውስጥ የሚገባውንም ቅጠል ያንሳ። ከበሰለ ፍራፍሬም ያርቀው፤ ፍራፍሬው የሚያወጣው ጋዝ በተለይ ካርኔሽንን ቶሎ ያጠወልገዋል። «ደርሷል» የሚለው መልእክታችን እስኪመጣላችሁ ድረስ ደግሞ ስልካችሁን አትዝጉ።