ፊት ሲነድ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው «ፊቴ ይነደኛል» የሚል ደንበኛ አዲስ አይደለም። አብዛኞቹ አርባውን የተሻገሩ ወይም የተጠጉ ሴቶች ናቸው። ጉንጭና አፍንጫቸው ቦግ ይላል፤ ጥቃቅን ሽፍታ ይወጣበታል፤ ንጹህ ውሃ እንኳ ሲነካው ይለበልባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሮዛሺያ የሚባለው የቆዳ ሕመም ያለባቸው አሉ። አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። ጨርሶ ባይጠፋም በደንብ ይያዛል፤ አብሽሩ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፊቱ እኛ ጋ እስኪደርስ ከበሽታው ይልቅ የተቀባው ነገር ጎድቶት ይቆያል።

ከሁሉ የከፋው ያ ክሬም ነው። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ወይም እነሱ ያሉበት «ፊት ማጥሪያ»። ስቴሮይድ የሚባሉ ቁጣ አብራጅ መድኃኒቶች ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለሌላ የቆዳ በሽታ ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ፊት ላይ በዘፈቀደ ሲቀቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የደም ሥሮቹን ያጠባሉ፣ ቁጣውን ያበርዳሉ፣ ፊቱ በጥቂት ቀን ጥርት ይላል። ሰው የሚወዳቸው ለዚህ ነው። ያ ጥራት ግን ብድር ነው፤ ወለዱን ቆዳው ይከፍላል። ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ሽፍታው ብሶ ይመለሳል። ሮዛሺያ ያልነበረበት ሰው እንኳ በዚሁ ክሬም ምክንያት ተመሳሳይ ሕመም ሊይዘው ይችላል።

ሰኞ ገበያ እህል የሚሸጡ እናት አንድ ቀን ቱቦውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። ከታች እስከ አንገቱ ተጠቅልሏል፤ ጽሑፉ በላብ ለቋል።

«ልጄ፣ ይችኑ ስጭኝ።»

«ማን ነው ያዘዘልዎ?»

«ጎረቤቴ ናት። እሷን እንዴት አድርጎ እንዳጠራት ብታይ!»

«ሲተዉትስ?»

«ኧረ አንድ ቀን ካልተቀባሁ ፊቴ ይነዳል፣ ያብጣል።»

ምልክቱ ይሄ ነው። ሲተዉት መባሱ መድኃኒቱ ይሠራ እንደነበር ማረጋገጫ አይደለም፤ ቆዳው እንደለመደው ነው የሚናገረው። ስለዚህ ተመልሶ መቀባት ሳይሆን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ከደሴ ቅርብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እያሳነሰ ሊያስተዋችሁ ይችላል። ካቆማችሁ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊብስባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ተስፋ አትቁረጡ። እኛ ባንኮኒው ጀርባ የቆምነውም ብንሆን ማዘዣ ለሌለው ሰው ይህን ቱቦ አውጥቶ መስጠት ነውር ነው።

ሌላው ስህተት ስሙን መሳት ነው። አንዱ ብጉር ይለዋል፣ አንዷ ማድያት፣ ሌላው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ ያሽበታል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ እንደ ነጭ ሰው ቆዳ አይጎላም፤ ጠቆር ወይም ዳማ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ ስሜቱን ጠይቁ። ይሞቃል? ይለበልባል? ይሄዳል ይመጣል? ብጉር ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ሮዛሺያ ላይ የለም። ማድያት ደግሞ አያቃጥልም። ከፊቱ ሽፍታ ጋር የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ብርቱ ድካም ወይም የፀጉር መርገፍ ካለ ግን ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት ሕመም፣ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ተመርመሩ።

ከጓዳ የሚመጣው ሁሉ ይቅር። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት እስከ መቁሰል ያደርሳል። በቡና አተላና በስኳር መፈተግም አይሆንም። የልብስ ሳሙናም እንዲሁ። ውበት ሳሎን ያለው ስቲም ለእናንተ አይደለም። ለብ ባለ ውሃ፣ ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጠቢያ፣ በጣት ጫፍ ታጠቡ። በፎጣ አትሹ፤ እየነካካችሁ አድርቁት። ከዚያ ሽታ የሌለው ማለስለሻ። በቃ።

ቡናስ? ይህን ስጠየቅ ፊታቸው ላይ ያለውን ስጋት አየዋለሁ። ወሎ ላይ ቡና ተዉ ማለት ጎረቤት ተዉ እንደማለት ነው፤ አልልም። የሚያስነሳው በአብዛኛው የቡናው ትኩስነት ነው። ስኒውን ተቀብላችሁ አስቀምጡት፤ ለብ ሲል ጠጡት። ከረከቦቱ ፊት፣ ከከሰሉ አጠገብ አትቀመጡ፤ ቡናውን ሌላ ሰው ይቁላ። የረመዳን ሾርባም እየፈላ አይጠጣ። ምጣድ ላይ ከሆናችሁ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ፊታችሁን ከእንፋሎቱ አርቁ። ወይባ ጢስ መሞቅ ግን ፊቱ እስኪረጋጋ ይቆይ። ሚጥሚጣ፣ ስንግ ቃሪያና አረቄ አንዱን ያስነሱበታል፣ ሌላውን አይነኩትም። ሁሉን በአንዴ ከመከልከል ፊታችሁ ቦግ ያለበትን ቀንና የበላችሁትን ጻፉ። የወር አበባ መቋረጫ ዕድሜ ላይ ሽው የሚለው ሙቀትም ያባብሰዋል፤ ይህንንም ለሐኪም ንገሩ።

ደሴ ብርድ ናት ብሎ ፀሐይን መናቅ ሌላው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይዋ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ዚንክ ኦክሳይድ ያለው፣ መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ለሚለበልብ ፊት ይሻላል። ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተቻለ ጥላና ሰፊ ባርኔጣ ያዙ። በሐረጎ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ የአየሩ ለውጥ ራሱ ፊትን ያስነሳል፤ ውሃ ያዙ፣ በፀሐይ በኩል አትቀመጡ።

ሮዛሺያ ባለባቸው ወንዶች ላይ አፍንጫ እየወፈረ ሲመጣ «ጠጪ ነው» ማለት ግፍ ነው። በዕድሜው አልኮል ያልቀመሰም ይይዘዋል።

ለሮዛሺያ የሚቀባው ሜትሮኒዳዞል ጄል ታዞላችሁ በሁለት ሳምንት «አልሠራም» ብላችሁ አትጣሉት። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ከጎረቤት አይዋስም፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ።

ዓይንን መርሳት የመጨረሻው ነው። አሸዋ እንደገባበት መቆርቆር፣ መድረቅ፣ የሽፋሽፍት ሥር ማበጥ የሮዛሺያው አካል ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም አንሱት። እይታችሁ ብዥ ካለ ወይም ብርሃን ማየት ካሳመማችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ።