በእጅ የሚሠራ የስቶንዌር ቅርጽ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጎንደር ወጣ ብሎ ወለቃ ላይ የሸክላ አንበሶች ተደርድረው ይሸጣሉ። የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ያስለመዱት ሙያ ነው። እነዚያ በሜዳ እሳት ይበስላሉ። ስቶንዌር፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት በስሎ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሸክላ፣ ግን ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ እቶን ይፈልጋል። ያገኙትን ቀይ አፈር አቡክቶ እዚያ ውስጥ መክተት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ብረት የበዛበት አፈር አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሙቀት አይችልም። ያብጣል፣ ይቀልጣል፣ ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል። መጀመሪያ ትንሽ ቁራሽ ይሞክሩ።

ለቅርጽ ልሙጥ ጭቃ ብቻውን አይሆንም። ከ20 እስከ 30 በመቶ የተፈጨ ገል ይጨምሩበት። መኮማተሩን ይቀንሳል፣ ለውሃውም መውጫ ይሰጠዋል። ገሉን በደረቁ አይፍጩ፤ አቧራው ለሳንባ ጠር ነው።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን ማገጣጠሚያው ላይ ነው። አንበሳ ጀመሩ እንበል። ሆዱን ዛሬ፣ እግሮቹን ነገ። በማግስቱ ሆዱ ደርቋል፣ እግሩ ገና እርጥብ ነው። እርጥቡ ሲኮማተር ደረቁ አብሮት አይሄድም። ብብቱ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብቅ ትላለች። በጭቃ ቢለስኗትም እሳት ሲነካት ትመለሳለች። ስለዚህ ሁለቱም እኩል እርጥበት ላይ ሳሉ ይግጠሙ። ሁለቱንም ፊት በሹካ ይቦጫጭሩ፣ የተበጠበጠ ጭቃ ይቀቡ፣ ጭቃው በጎን እስኪወጣ ድረስ እያሹ ይጫኑ። ዙሪያውን ቀጭን ድብልብል ጭቃ በአውራ ጣት ይጠቅጥቁ። ከዚያ በፌስታል ሸፍነው ያሳድሩት። የበጋ ነፋስ ጆሮና ጅራትን ቀድሞ ያደርቃል፤ እነሱን ለብቻ ይጠቅልሏቸው።

«አየር ስለነበረበት ፈነዳ» ሲባል እንሰማለን። እውነቱን ለመናገር ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። ውስጡን ባዶ ያድርጉት፣ ግድግዳው በየቦታው እኩል ይሁን፣ ሆዱ ሥር ቀዳዳ ይተዉለት። ጉንጭዎን ሲያስነኩት ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀም። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ውሃው ሳይፈላ ቀስ ብሎ እንዲወጣ እቶኑን 80 ላይ ለሰዓታት ያቆዩት። 573 ዲግሪ ላይ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን በድንገት መጠኑን ይለውጣል፤ እዚያ አካባቢ ሲወጣም ሲወርድም ቀስ ይበሉ። አጮልቆ ማየት ቢያጓጓም እቶኑን ከ100 በታች ሳይወርድ አይክፈቱት።