አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ሲታመም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ለጋምቦንና ደላንታን በመሰሉ የወሎ ደጋዎች፣ ባዝራ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ስለሆነ፣ ደክሞ የተወለደ ውርንጭላ ከሕመሙ ሌላ ውርጩም ይጠብቀዋል። ጤነኛው በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይቆማል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠባል። ከዚህ የዘገየውን «ደክሞት ነው፣ ሲነጋ ይነሳል» ብሎ መተው ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ባዝራ በሽታ መከላከያን ለልጇ የምታስተላልፈው በማኅፀን ሳይሆን በእንገሯ ነው፤ የውርንጭላው አንጀት ደግሞ ያንን መከላከያ ወደ ደም የማሳለፍ ችሎታው ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ስለሚያበቃ፣ ሳይጠባ ያደረ ውርንጭላ ጠዋት ቢጠባ እንኳ ያጣውን ሁሉ አያገኝም።

ሁለተኛው ስህተት ከርኅራኄ የሚመጣ ነው፤ የቀዘቀዘውንና የዛለውን ውርንጭላ አፉን ከፍቶ ወተት ማፍሰስ። ንጹሕ ጣት አፉ ውስጥ ሲገባ ምላሱን ጠቅልሎ አጥብቆ የማይስብ ከሆነ ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስቀድሞ በደረቅ ገለባ አሽቶ ማድረቅ፣ በባና መጠቅለልና ከነፋስ መከለል ይገባል። መሳብ ሲጀምር በደረቱ ተደግፎ፣ አንገቱ ወደ ላይ ሳይጠመዘዝ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ፤ ካልሳበ ግን እንገሩን በአፍንጫው በሚገባ ቱቦ የሚሰጠው ሐኪም ነው።

እትብቱን አመድ ወይም እበት መቀባትም ለመመርቀዝና ለቴታነስ በር ይከፍታል፤ በአዮዲን ወይም በክሎርሄክሲዲን መንከር ይሻላል። ከቀናት በኋላ ጉልበቱ አብጦ ሲያነክስ «እናቱ ረግጣው ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ከእትብት የገባ ተሕዋስ በደም ዞሮ መገጣጠሚያው ላይ አርፎ ሊሆን ይችላልና።

የበቅሎ ውርንጭላ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ባዝራ ከአህያ ስታረግዝ ፅንሱ የአባቱን የደም ባሕርይ ይዞ ስለሚፈጠር፣ የአንዳንድ ባዝሮች ሰውነት ይህን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠፋውን ነገር በእንገሩ ውስጥ ያከማቻል። ውርንጭላው ጤነኛ ሆኖ ተወልዶ፣ በደንብ ጠብቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ይዝላል፤ ድዱና የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናሉ፣ ሽንቱም ሊቀላ ይችላል። ሌላውን ውርንጭላ ያዳነው ምክር እዚህ ላይ ይገድላል። ስለዚህ «ይጥባና ይበርታ» ከማለት ይልቅ ለ2 ቀን ያህል ከእናቱ ጡት መከልከል፣ እንገሯን እያለቡ መድፋት፣ በምትኩ የሌላ ባዝራ ወተት መስጠትና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያጋጠማት ባዝራ ዳግመኛ በቅሎ ስታረግዝም ያው ሊደርስ ስለሚችል፣ በቅሎ ወልዳ ከማታውቅ ባዝራ እንገር አስቀድሞ ማዘጋጀት ብልህነት ነው።

ለበግ ተገዝቶ የተረፈን ወይም የሰው መድኃኒት በግምት መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ አንዳንዱ ውኃ ያጠረውን ውርንጭላ ኩላሊት ይጎዳል። ወደ ክሊኒክ ሲወሰድም ባዝራዋ አብራ ትሂድ፤ ሐኪሙ ጡቷን ማየት፣ የተወለደበትን ሰዓትና የእንግዴ ልጁ መቼ እንደ ወጣ ማወቅ ይፈልጋል።